«ፕሮብሌም» ብዬ የጻፍኩት



ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከአዳራሻችን ጀርባ ባለችው የሰንበት ትምህርት ቤት ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ክፍያ የለውም። ወንበሮቹ የሕፃናት ስለሆኑ ረጃጅሞቹ ልጆች ጉልበታቸውን እስከ አገጫቸው አጥፈው ነው የሚማሩት። በቅርቡ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሆስፒታል ተኝቶ ስለነበረው ወንድሙ አንድ ገጽ ጽፎ መጣ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ማይ ብራዘር ኢዝ ዴንጀረስ» ይላል። ወንድሜ አደጋ ላይ ነው ማለቱ ነበር፤ የጻፈው ግን «ወንድሜ አደገኛ ሰው ነው» የሚል ሆነ። ጓደኞቹ ሳቁበት፣ እሱም አብሯቸው ሳቀ። ወንድሙ ድኖ ስለወጣ መሳቁ አልከበደውም።

ሳቁ ሲበርድ ግን እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ዴንጀርም አደጋ ነው፣ ሪስክም አደጋ ነው፣ ሃዛርድም አደጋ፣ አክሲደንትም አደጋ። ለአንድ አደጋ ይህ ሁሉ ቃል ምን ይሠራላቸዋል?»

ሁሉም እንደገና ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ይህን ጥያቄ ከእሱ በፊት አንዲት ሴት በስልክ ጠይቃኝ ነበር፤ ያኔ የምመልሰው አልነበረኝም። ለእሱ በክፍል ውስጥ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። ረጅሙን ለእናንተ ልጻፍላችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመዘምራኖቻችን አንዷ ለቤት ሠራተኝነት ወደ አንድ የአረብ አገር ሄደች። ስሟንም አገሩንም አልጽፍም፤ ታሪኩን እንድናገር የፈቀደችልኝ በዚህ ተስማምተን ነው። ልጅ ሳለች በሰንበት ትምህርት ቤት እኔው ራሴ አስተምሬያታለሁ። በሄደች በስምንተኛው ወር፣ አንድ ረቡዕ ማታ የጸሎት ፕሮግራም ሲያልቅ፣ እናቷ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ እኔ መጡ። በዋትስአፕ የመጣ የድምፅ መልእክት ነው። «እማዬ፣ እንደምን አላችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ትንሽ ችግር አለብኝ። ለጋሼ ንገሪልኝና ይጸልዩልኝ፤ የሚረዳ ሰው ካለም ይጠይቁልኝ።» ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፤ ጆሮ ላይ ካልለጠፉት አይሰማም።

«ጉንፋን ይዟታል መሰለኝ» አሉ እናቷ።

በዚያ አገር ያሉ ስደተኛ ሠራተኞችን የሚረዱ ሰዎች የኢሜይል አድራሻ በሰው በሰው አገኘን። እንግሊዝኛ የተመረቅኩበት ትምህርት ስለሆነ ደብዳቤው የእኔ ድርሻ ሆነ። በዚያው ሌሊት ተቀምጬ «ሺ ሃዝ ኤ ፕሮብሌም ዊዝ ኸር ኤምፕሎየር» ብዬ ጀመርኩ፤ ከአሠሪዋ ጋር ችግር አለባት ማለቴ ነው። በመጨረሻው መስመር ደግሞ «ሺ ሜይ ቢ አት ሪስክ» ብዬ ጨመርኩ። ሰዋስው አልተሳሳትኩም፤ የፊደል ስህተትም አልነበረበትም። ደግሜ አንብቤው በትሕትናው ሳይቀር ረክቼ ነው የላክሁት።

በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ። የስንት ወር ደመወዝ እንዳልተከፈላት፣ የሥራ ውሏ ቅጂ እንዳለን ይጠይቃል። እናቷና እኔ ውሉን ፍለጋ ሁለት ቀን ደጅ ጠናን። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ደብዳቤውን ያነበበች አንዲት ሴት ናት። ሰላምታዋን በአጭሩ ጨርሳ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ኢዝ ሺ ኢን ዴንጀር፣ ራይት ናው?»

ልጠይቃትና ልመልስልሽ አልኳት። ለልጅቱ ደወልኩ፤ አታነሳም። ያን ሌሊት አንሶላ ከአንሶላ ቋጥራ ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት ወርዳ ነበር። አንሶላው አልደረሰም። ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ በማያውቋት ሰዎች እጅ ሆስፒታል ገብታለች። የደወለችልኝ ሴትና ባልደረቦቿ ፈልገው አገኟት፣ መጠለያ አስገቧት፤ ጌታ ይመስገን፣ ከሰባት ወር በኋላ በሕይወት አገሯ ገባች።

በኋላ ነው «ትንሽ ችግር» የተባለው ምን እንደነበረ የሰማነው። ፓስፖርቷ ከገባችበት ቀን ጀምሮ በአሠሪዋ መሳቢያ ነበር። የቤቱ በር ከውጭ ይቆለፋል። የማዳሟ ወንድም ማታ ማታ የክፍሏን በር ይገፋ ስለነበር ቁምሳጥኑን በሩ ላይ አስጠግታ ነበር የምትተኛው። ድምፅዋን ዝግ ያደረገው ጉንፋን አልነበረም።

እንግዲህ ፍረዱኝ፤ «ችግር»ን «ፕሮብሌም» ብዬ መተርጎሜ ስህተት ነው? በመዝገበ ቃላት አይደለም። ግን ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩአቸው። የእኛ «ችግር» ሰፊ ቤት ነው። ራብ ይገባበታል፣ ድህነት ይገባበታል፣ አያቶቻችን «የችግር ዘመን» ሲሉ ሰው ያለቀበትን ዘመን ማለታቸው ነው። «ፕሮብሌም» ግን ከግሪክ የመጣ ሆኖ መነሻው ፊት ለፊት የቀረበ ነገር፣ ለመፍትሔ የተዘረጋ ጥያቄ ማለት ነው። የሒሳብ መጽሐፋችሁ ገጽ ላይ በቁጥር የተደረደረውም ፕሮብሌም ነው። እንግሊዝኛ የማያውቅ የሰፈራችን ሰው እንኳ «ኖ ፕሮብሌም» ማለት ያውቃል። በዚያ ጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ለተቀመጠ አንባቢ፣ ከአሠሪዋ ጋር ፕሮብሌም ያለባት ሠራተኛ ማለት ደመወዟ የዘገየባት ማለት ነው። ደብዳቤዬን ወደዚያ መዝገብ መምራቱ አያስወቅሰውም።

የተሳሳትኩት ግን ከፕሮብሌም ይልቅ በሁለተኛው መስመር፣ በ«ሪስክ» ላይ ይመስለኛል። ሪስክ ገና ያልሆነ፣ ሊሆን የሚችል ጉዳት ነው። ይለካል፣ ይሰላል፣ አንዳንዴም ሰው ወዶ ይገባበታል፤ ነጋዴው ሪስክ ይወስዳል። ወደ እንግሊዝኛ የገባውም በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ኢንሹራንስ የሚሸጡ ድርጅቶች ዋና ቃል ሆኖ እስከ ዛሬ ይኖራል። «ሜይ ቢ አት ሪስክ» ብዬ ስጽፍ፣ «ምናልባት አንድ ቀን አንድ ነገር ይደርስባት ይሆናል» ማለቴ ነበር። ነገሩ ግን ደርሶ በሯን እየገፋ ነው። እንግሊዝኛ ለዚህ ያለው ቃል «ኢን ዴንጀር» ነው፤ ጉዳቱ እዚህ አለ፣ ሰውየውም በውስጡ ነው ማለት ነው።

ስለ ዴንጀር ትንሽ ልቆይ፤ ይህን ያወቅኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቃሉ ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ሥሩ የጌታ ሥልጣን ማለት ነው፤ ባለ መሬቱ በገባሩ ላይ፣ አሳዳሪው በአዳሪው ላይ ያለው ሥልጣን። በድሮ እንግሊዝኛ «በእገሌ ዴንጀር ውስጥ ነው» ማለት በእገሌ እጅ ወድቋል፣ የፈለገውን ሊያደርገው ይችላል ማለት ነበር። ሼክስፒር «የቬኒሱ ነጋዴ» በሚባለው ተውኔቱ በችሎቱ ትዕይንት ባለዕዳው በአበዳሪው እጅ መውደቁን የሚያመለክተው በዚሁ ቃል ነው። በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ማቴዎስ 5 ላይ በወንድሙ ስለሚቆጣ ሰው ሲናገር ይህንኑ ዴንጀርን ይጠቀማል፤ በፍርድ ሥልጣን ሥር ወደቀ ለማለት ነው። የእኛው የአማርኛ መጽሐፍ «ይገባዋል» በሚል ቃል አልፎታል። ዳዊትም በሰው እጅ ከመውደቅ በእግዚአብሔር እጅ መውደቅን እንደመረጠ ታስታውሳላችሁ።

አሁን የልጅቱን ፓስፖርት አስቡ። በብዙ የአረብ አገሮች የሚሠራበት «ከፋላ» የሚባል ሥርዓት አለ። የሠራተኛው የመኖሪያ ፈቃድ «ከፊል» ከሚባለው አሠሪ ጋር የታሰረ ነው። የከፋው አሠራር ባለበት፣ ያለ እሱ ፈቃድ ሥራ መቀየር አይቻልም፤ ጥላ ከወጣች «ጠፋች» ተብላ ሕገ ወጥ ትሆናለች። ብዙ ጥሩ አሠሪዎች አሉ፤ ከእነርሱ ጋር በሰላም ሠርተው ወንድሞቻቸውን ያስተማሩ እህቶች በየጉባኤያችን አሉ። ነገር ግን በጥሩው አሠሪ ቤትም ቢሆን መሳቢያው የእሱ ነው። ማታ በሩን የሚገፋ ሰው ከመምጣቱ በፊት፣ ፓስፖርቷ መሳቢያ ውስጥ በገባበት ሰዓት፣ በቃሉ በጥንቱ ትርጉም ልጅቱ ዴንጀር ውስጥ ነበረች። እኔ ይህን በአራት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት አልተማርኩትም።

የእኛ «አደጋ» ሌላ ዓይነት ሥዕል አለው። የጥንት ጦረኞች አደጋ ይጥሉ ነበር፤ ሳይታሰብ ከጫካ ወጥተው መንደር መምታት ማለት ነው። የንዕማንን ሚስት ታገለግል የነበረችው ታናሽ ብላቴና (እርሷም በባዕድ አገር የቤት ሠራተኛ ነበረች፣ ልብ በሉ) የተማረከችው እንዲህ ባሉ አደጋ ጣዮች ነው። ስለዚህ አደጋ በእኛ ጆሮ ድንገት ከውጭ የሚወድቅ ነገር ነው። የመኪና አደጋ እንላለን፣ የእሳት አደጋ እንላለን። ሳይወድቅ በቤት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚያድገውን፣ በየዕለቱ ቡና የሚፈላበት ቤት ውስጥ ያለውን፣ አደጋ ብለን ለመጥራት አንደበታችን ይከብደዋል። ያኔ «ትንሽ ችግር» እንላለን።

ሃዛርድን በአጭሩ ልለፈው። ከዳይ ጨዋታ የመጣ ቃል ነው፤ አሁን የሚያመለክተው ጎጂውን ነገር ራሱን ነው። ክዳኑ የተወሰደ የፍሳሽ ጉድጓድ ሃዛርድ ነው፤ ማታ በዚያ ስታልፉ የመግባት ዕድላችሁ ሪስክ ነው፤ አንድ እግራችሁ ከገባ ዴንጀር ነው። መኪና መንገድ ላይ ቆሞ አራቱም ፍሬቻ በአንድ ጊዜ ብልጭ ድርግም ሲል ያ መብራት ስሙ ሃዛርድ ነው፤ «እኔ ራሴ እንቅፋት ሆኛለሁና ተጠንቀቁ» ማለት ነው። ጄፐርዲም የጨዋታ ዘር ነው፤ እኩል የተከፈለ ጨዋታ፣ ማን እንደሚያሸንፍ ያልታወቀ። የኪንግ ጄምስ ትርጉም ለዳዊት ከቤተ ልሔም ጉድጓድ ውኃ ቀድተው ያመጡትን ሦስት ኃያላን በዚህ ቃል ይገልጻቸዋል። ነፍሳቸውን በሚዛን አስቀምጠው ሄዱ ማለት ነው።

በቃል የተሳሳትኩት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ያወቅኩት ስለ አንድ አውሮፕላን ሳነብ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 ማታ (በእኛ ጥር 1982 ዓ.ም. ነው) የኮሎምቢያው አቪያንካ የበረራ ቁጥር 52 ከቦጎታ ተነሥቶ በሜዴሊን በኩል ወደ ኒውዮርክ ይበር ነበር። አውሮፕላኑ ቦይንግ 707 ነው፤ 158 ሰዎች ተሳፍረውበታል። አየሩ ከፍቶ ስለነበር ተቆጣጣሪዎቹ በድምሩ ከአንድ ሰዓት በላይ አየር ላይ እንዲዞር አደረጉት። ነዳጁ እያለቀ ሄደ። ረዳት አብራሪው በእንግሊዝኛ «ፕራዮሪቲ» እንፈልጋለን አለ፤ ቅድሚያ ስጡን ማለት ነው። በኋላም ነዳጅ እያለቀብን ነው ብሎ ተናገረ። የመጀመሪያው የማረፍ ሙከራ ሳይሳካ ሲቀር ዋናው አብራሪ በስፓኒሽ «ኢመርጀንሲ ላይ ነን በላቸው» አለው። ረዳቱ ግን ያን ቃል በሬዲዮ አልተናገረም። አራቱም ሞተሮች ጠፉ፣ አውሮፕላኑም ሎንግ አይላንድ ላይ ኮቭ ኔክ በሚባል መንደር ወደቀ። 73 ሰዎች ሞቱ። ነዳጅ ስላልነበረው እሳት እንኳ አልተነሣም።

ለተቆጣጣሪዎቹ «ፕራዮሪቲ» ማለት ወረፋ ማለት ነው፤ «ነዳጅ እያለቀብን ነው» ደግሞ ያን ማታ ከአንድ በላይ አውሮፕላን ሊለው የሚችለው ነገር ነው። ሁሉን ነገር አስቁሞ መንገድ የሚያስከፍት የታወቀ ቃል ነበር፤ አልተባለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በምርመራ ሪፖርቱ አብራሪዎቹ ነዳጃቸውን በሚገባ አለመከታተላቸውንና ኢመርጀንሲ ብለው አለማወጃቸውን ከምክንያቶቹ ተራ አስቀመጠ።

በአቪዬሽንና በመርከብ ሬዲዮ ይህ ልዩነት በሕግ የተደነገገ ነው። «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ ሲባል ከባድና የቀረበ አደጋ አለ፣ አሁኑኑ እርዱን ማለት ነው፤ «እርዱኝ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የተወሰደ ነው። «ፓን-ፓን» ሦስት ጊዜ ሲባል ደግሞ አሳሳቢ ነገር ገጥሞናል፣ ገና ግን አልጨነቀንም እንደማለት ነው። በመካከላቸው ትሕትና የሚባል ነገር የለም። እኔ ግን ያን ሌሊት ደብዳቤዬን ስጽፍ በትሕትናው ረክቼ ነበር። የረዳት አብራሪውን ድምፅ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። የሰው አገር፣ የሰው ቋንቋ፣ ሥራ የበዛባቸው ሰዎች። ማስቸገር አልፈለገ ይሆናል።

አንድ ቃል ቀርቶኛል፤ ፔሪል። ከላቲን ነው፤ ሙከራ፣ ፈተና ማለት ነበር። ኤክስፔሪመንት፣ ኤክስፒሪየንስ፣ ኤክስፐርት የሚባሉት ሁሉ ዘመዶቹ ናቸው። ዛሬ በንግግር ብዙም አይሰማም፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ግን በኪንግ ጄምስ እንግሊዝኛ 2ኛ ቆሮንቶስ 11፥26 ላይ በአንዲት ቁጥር ስምንት ጊዜ ይለዋል። ወንዙ፣ ወንበዴው፣ ከተማው፣ ምድረ በዳው፣ ባሕሩ፣ ሐሰተኛው ወንድም ሁሉ በእርሱ ተጠርቷል። አዲሱ መደበኛ ትርጉማችን በዚያ ቦታ «አደጋ» ይላል። የ1954ቱን መጽሐፍ ክፈቱና ተመልከቱ። ስምንቱም ላይ የምታገኙት «ፍርሃት» የሚለውን ቃል ነው።

ድሮ ይህን እንደ ትርጉም ጉድለት ነበር የማየው። አደጋ ከውጭ ነው፣ ፍርሃት ከውስጥ ነው፤ እንዴት አንዱ በአንዱ ይተረጎማል? አሁን እንደዚያ አላስብም። ተርጓሚዎቹ ወንዙን ትተው በወንዙ ዳር የቆመውን ሰው የገለጹ ይመስለኛል። የዚያችን የድምፅ መልእክት ቃሏን ትቼ ፍርሃቷን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤው ሌላ ይሆን ነበር። ፍርሃቱ ዝግ ባለው ድምፅ ውስጥ በግልጽ ነበረ።

ከተመለሰች በኋላ ጠይቄአት ነበር። «ለምን ትንሽ ችግር አልሽ?» አልኳት። ጥያቄው ራሱ ጥፋቱን ወደ እርሷ የማዞር ይመስል ነበርና ወዲያው አፈርኩ። እርሷ ግን አልተቀየመችም። «ጋሼ፣ እማዬ ደም ብዛት እንዳለባት ያውቃሉ። ስልኩን መጀመሪያ የምትሰማው እሷ ናት» አለችኝ። «እርስዎ ይገባዎታል ብዬ ነው።»

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እርሷም ትመጣለች። ብርድ ሲሆን እግሯ ስለሚጠዘጥዛት ከትንንሾቹ ወንበሮች ይልቅ ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ ትመርጣለች። ለመሄድ ፕሮሰስ የጀመሩ አራት እህቶች አሉን፤ አትሂዱ ብላ አትሰብክባቸውም። የፓስፖርታቸውን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አንሥተው ለሁለት ሰው እንዲልኩ ታስደርጋቸዋለች፣ የኤምባሲውን ቁጥር በቃላቸው ታስይዛቸዋለች። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ታስጠናቸዋለች፤ «አይ አም ኢን ዴንጀር። ሄልፕ ሚ ናው።»

መጀመሪያ ቀን ሁሉም በሹክሹክታ አሉት፤ እየሳቁ፣ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው። «አይሰማም» አለቻቸው። ደገሙት። «አሁንም አይሰማም።» ሦስተኛው ላይ በአዳራሹ ልምምድ ላይ የነበሩት መዘምራን ዝማሬያቸውን አቋርጠው በር ከፍተው እስኪያዩን ድረስ ጮኹ።

ከአራቱ ታናሽዋ ግን ዝም ብላ ቆየችና «እማዬ አብራ እየሰማች ከሆነስ?» አለች።

እህታችን እግሯን እያሻሸች ትንሽ አሰበች። «እናትሽ እንግሊዝኛ ትችላለች?»

«አትችልም።»

«እንግዲያውስ በእንግሊዝኛው በይዋ» አለቻት። «በይ፣ ደግሚው።»